ያልተበጠሰው መረብ

ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ደብር ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴው ሊገባ ሲል፣ በማኅሌት የቀኙን ረድፍ የሚመሩት የደብሩ ቀኝ ጌታ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ በገዛ ቤታቸው መደብ ላይ ሞተው ተገኙ። እልልታው ሳይበርድ ዋይታው ተተካ። ይህ ሳያንስ፣ የሟች ታናሽ ወንድም ክንዱ ሚስቲቱን ብርቱካንን እጇን ይዞ አስወጣና ደጅ ላይ አቆማት።

«ወንድሜን ጆንያ አሸክማ የገደለች እሷ ናት! ለቅሶ አትቀመጥም! ፖሊስ ይምጣና ይውሰዳት፤ ከዚያም ወዲያ እግሯ ይህን ደጅ አይረግጥም!» ሲል በሰው ፊት ፈረደባት።

አይ ክንዱ! ማንም ሳይሾመው ዳኛ ሆኖ ቁጭ አለ። የሚያስደንቀው ሰዉም አመነው። መሪጌታ የፊንጢጣ ካንሰር ወጥቶባቸው ባሕር ዳር በቀዶ ጥገና እንደዳኑ፣ ከዚያ ወዲህ ሰገራቸው በግራ ጎናቸው በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንደሚወርድ፣ ሐኪሟም «ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ አንጀትዎ ይወጣል» እንዳለቻቸው አገር ያውቅ ነበር። ብርቱካንም አልተከራከረችም። አጥሩን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ጠቡን የጎረቤት ጠብ ያህል እንኳ ጆሮ አልሰጠችውም።

ኢንስፔክተር አዛለች ከወገዳ በሞተር ተፈናጥጣ ስትደርስ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። የጤና መኮንኑን ሙሉቀንን አስከትላለች። አዛለች ባለፈው ሰኔ አባቷን ቀብራለች። ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰችም። ባልደረቦቿ «ብረት ናት» ይሏታል። ብረትስ አልነበረችም። ምግብ ሲቀርብ ትበላለች፣ ሲሳቅ ትስቃለች፣ ሥራዋን ከማንም አብልጣ ትሠራለች፤ ውስጧ ግን እንደ ተኙበት ክንድ ነው፣ ቢቆነጥጡት አይሰማውም።

መጀመሪያ ከሳሹን ጠራች።

«ምን አየህ?»

«ትናንት አውድማ ላይ ገብሱን እየጫንን ነበር። እሷ ምሳ ይዛ መጣች። ‹ምነው ቢያግዙት!› ብላ ጮኸችባቸው። ወንድም ጋሼ ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸው ጆንያውን ብድግ አደረጉት። በዚያው አንጀታቸው ተዘርግፎ ጧት ሞተው አገኘናቸው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እኔ… አህያዋን ይዤ ነበር።»

«ወንድምህ ብቻቸውን ነው ጆንያ ሙሉ ገብስ ከአህያ ጀርባ ላይ ያወጡት?»

ክንዱ «እንግዲህ… እንዲያ ነው» አለና ዓይኑን ወደ አጥሩ አሸሸ። አዛለች አልጨቀጨቀችውም።

ወደ ቤት ስትገባ ሟች እንደሞቱ መደቡ ላይ ናቸው። ክንዱ «ፖሊስ ሳያይ አይገነዙም» ብሎ ማንንም አላስነካም፤ ለዚህስ ሊመሰገን ይገባው ነበር። ሙሉቀን ጋቢውን ገለጠ። በግራ በኩል ከረጢቱ እንደተለጠፈ ነው፤ ውስጡ ትንሽ ቡናማ ቅንጣት ያለው ውሃ ብቻ ቀርቶበታል። ሙሉቀን በከረጢቱ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ደጋግሞ ዳሰሰ።

«እብጠት አለ?» አለችው።

«የለም። አንጀት ገፍቶ የሚያወጣው፣ ቡአ የሚባል ነገር የለም።»

አዛለች እጇን ዘርግታ ራሷ ዳሰሰችው። አባቷም በዚሁ በሽታ በዚሁ ቦታ ተቀደው፣ እንዲሁ ከረጢት ተንጠልጥሎላቸው ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ከቀዳዳው ጎን አንጀታቸው ቆዳውን ገፍቶ እንደ ዱባ አበጠ፤ ቀበቶ አላስታጠቅ፣ ልብስ አላስለብስ አለ። በመጨረሻም እዚያው ውስጥ ተጠማዞ ገደላቸው። ያጠበቻቸው እሷ ስለነበረች ያንን እብጠት መዳፏ ያውቀዋል። የመሪጌታ ሆድ ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል እንጂ አንድ ቦታ አልተነሣም።

ሙሉቀን የሟችን የክንድ ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ውሃ አልቆባቸው ነው» አለ። «ተቅማጥ የጨረሰው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ጆንያ ያነሣ ሰውስ?»

«ጆንያ ያነሣ ሰው ወገቡን ሊያመው ይችላል፤ እንዲህ አይደርቅም።»

አዛለች ቤቱን ቃኘች። ከበሩ ጥግ መቋሚያ ተደግፏል። ከአጠገቡ ሳጥን ላይ ነጭ ሸማና ጥምጥም ታጥቦ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ በላዩ ጸናጽል አለ፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብላ ከመደቡ ሥር አየች። አንድ ቅል ወድቋል። ሥሩ ላይ ቀላ ያለ አተላ ተጣብቆበታል፤ አሸተተችው፣ ምሬቱ ጉሮሮዋ ድረስ ገባ። ለሙሉቀን አሳየችው፤ እሱም አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። 

ከቤቱ ጀርባ አጥር ላይ የታጠቡ ከረጢቶች ተሰቅለዋል። ብርቱካንን ወደዚያ ወሰደቻት።

«እትዬ ብርቱካን፣ ከረጢቱን እርስዎ ነዎት የሚያጥቡት?»

«ከኔ ሌላ ማን አለ። ከባሕር ዳር በስንት ልመና የሚመጣ ነው፤ አንዱን ስንት ጊዜ አጥቤ መልሼ እለጥፍላቸዋለሁ።»

«ሲያሰጡትስ እንዴት ነው?»

«አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ በልብስ መቆንጠጫ ነው፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ…» ብርቱካን ቀና አለችና አጥሩን አየች። ከረጢቶቹ ሁሉ አፋቸው ወደ ላይ ነው፤ ውስጣቸው ውሃ አቁሯል፤ እያንዳንዱም በሰም በተነከረ ክር ታስሯል። «ይህን እኔ አልሰቀልኩትም። ደግሞ ሁሉንም? ቤት ያለውን ሁሉ እኮ ነው!»

«ሌሊቱን የት ነበሩ?»

«ደብሩ ግቢ፣ ከሴቶቹ ጋር ለዝክሩ ጠላ ስናጣራ። ከሰዓት ነው የወጣሁት። ራት ላስቀምጥልዎ ብላቸው ‹ተይው፣ ሆዴ ባዶ ይሁን› አሉኝ። ለበዓሉ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

«ያን ልብስ ማን አጠበው?»

«የትኛውን ልብስ?» አለች ብርቱካን። ነጩ ሸማና ጥምጥም መሆኑ ሲነገራት ወደ ቤቱ ዞራ አየች። «ከታመሙ ወዲህ ነክተውት አያውቁም። ‹ይህን ተሸክሜ ቤተ መቅደስ አልገባም› አሉና ቀሩ። በየበዓሉ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ቆመው ነው ማኅሌቱን የሚያዳምጡት። እዚያው ቆመው በከንፈራቸው ይከተላሉ። ስመለስ እግራቸው አብጦ አገኘዋለሁ።» ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም። «ጆንያውን እኔ ያንሡት አላልኳቸውም። ግን ትቻቸው ሄጃለሁ። እንደሱ ካልሽ እኔ ገድያቸዋለሁ።»

 አዛለችም በአባቷ ሞት ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነበር።

የሟች የነፍስ አባት አባ ዓለምነህ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አዛለች መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሟችን ያየ ሰው ያውቃሉ?»

«እኔስ አላየኋቸውም ልጄ። ዋዜማው፣ ዝክሩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ዋልኩ።»

«ማኅሌቱ ላይ ያልተለመደ ነገር ነበር?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ግራ ጌታ ዘካርያስ ዘግይተው ገቡ። ዋዜማውንም ቀሩ፤ ቀርተው አያውቁም እኮ! የእጀ ጠባባቸው እጅጌ እስከ ክንዳቸው ርሶ ነበር። ሌላም አለ፤ ይህ እንኳ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።»

«ይንገሩኝ።»

«በቀኝ በኩል አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ክፍት አስደርገው አደሩ። ለበዓል የመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ሊቆምበት ሲል በመቋሚያቸው እየመለሱ ከለከሉ። ዓይናቸው ደግሞ በር በሩን ነበር። ዜማ ሲስቱ ያየኋቸው ትናንት ነው።»

የግራ ጌታ ዘካርያስ ስም ሲነሣ ክንዱ ጠጋ ብሎ፣ «እሳቸው እንኳ ወንድም ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ ቀኝ ጌታነቱን ሲመኙ ነው የኖሩት» አላት በሹክሹክታ። ሰውዬው ዛሬ ያልከሰሰው ራሱን ብቻ ነበር።

ግራ ጌታ ዘካርያስ የሟችን ያህል ዕድሜ ያላቸው፣ አጥንታቸው የወጣ ሰው ናቸው። ከሟች ጋር በአንድ ጉባኤ ተምረው፣ ለምነው ያገኙትን ኮቸሮ ተካፍለው ነው ያደጉት። ከሰው ተለይተው ቆመዋል።

«ትናንት ለምን ዘገዩ ግራ ጌታ?»

«አሞኝ ነው።»

«እጅጌዎ ለምን ራሰ?»

«ስታጠብ።»

«ጧፍ ይኖርዎታል? አንድ ነገር ላስርበት ነበር።»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ገባ። የወጣው ጥቅል የጧፍ ፈትል ነው፤ ጫፉ በጥርስ የተቆረጠ። አዛለች ተቀበለችና አመሰገነች። ሰውዬው እጃቸውን ባዶውን እንደዘረጉ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ አዛለች ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣች። ባሕር ዳር ያለችው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኤልሳቤጥ ስልኩን አነሣች። አዛለች ሞቱን ነገረቻት።

«አስታውሳቸዋለሁ። አንጀታቸውን በሆዳቸው ግድግዳ በኩል ስናወጣው በመውጫው ዙሪያ መረብ አኑረንላቸዋል። ስስ ነው፣ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ። ሥጋው በላዩ ይበቅልና ግድግዳውን ያጠነክረዋል።»

«ቡአ ወጥቶባቸው ነበር ማለት ነው?»

«አይ፣ ሳይወጣ ነው እንጂ። እንዳይወጣ አስቀድመን፣ በዚያው በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና። የገበሬ አገር ሰው እንደሆኑ ነግረውኛል፤ አርፈው እንደማይቀመጡ ገብቶኛል።»

«ጆንያ ቢያነሡ ይበጠሳል?»

«መረብ ያለው ሰው ቡአ ፈጽሞ አይወጣበትም ብዬ አልምልልሽም። ዕድሉን ይቀንሳል ነው የምልሽ። ግን ባንድ ሌሊት የሚገድል ቡአ ተደብቆ አይገድልም። ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ያስመልሳል፣ ያስጮኻል። ሆዳቸው እንዴት ነው?»

«ሰርጉዷል። እብጠት የለውም።»

«እንግዲያው መረቡ ይዟል።»

አዛለች ስልኩን ልትዘጋ አልቻለችም። «ዶክተር፣ ይህን መረብ ለሁሉም ሰው ነው የምታደርጉት?»

«እኛ ጋ የተጀመረው በቅርቡ ነው። ሁሌም አይገኝም። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው» አለችና ዘጋች። ኮረብታው ላይ ነፋሱ ያንገላታል። ለአባቷ ያልደረሰ አንድ ነገር ለሌላ ሰው ደርሶ፣ ሥራውንም በደንብ ሠርቶ፣ ሰውዬው ግን ሞቷል። ልትናደድ ሞከረች፤ ንዴቱም አልመጣ አላት። ወረደች።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ክንዱ፣ ግራ ጌታው፣ አባ ዓለምነህ፣ ሙሉቀን ተቀመጡ። ብርቱካን ከደጅ አልነቃነቅ ስላለች አዛለች ራሷ ሄዳ እጇን ይዛ አመጣቻት። ክንዱ ሊነሣ ሲል አየችው፤ መልሶ ቁጭ አለ።

«መጀመሪያ ጆንያውን እናውርደው» አለች። «ሐኪሟ በመሪጌታ ሆድ ውስጥ መረብ አኑራለች፣ አንጀታቸው እንዳይወጣ። ሙሉቀን ዳስሷል፣ እኔም ዳስሻለሁ። እብጠት የለም፤ መረቡ እንደያዘ ነው። መሪጌታን ጆንያ አልገደላቸውም። ክንዱ፣ ጆንያ አህያ ላይ የሚጫነው በሁለት ሰው ነው። አንዱን ጫፍ መሪጌታ ከያዙ ሌላውን ማን ያዘ?»

ክንዱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሷ አልነበረችም፤ ምሳውን ሰጥታን ሄዳለች። ‹አንዴ ያዝልኝ ወንድም ጋሼ› አልኳቸው። ያዙልኝ። ጧት ሞተው ሳያቸው… እኔ መግደሌን ማን ይችለዋል? አፌ እሷን ጠራ።»

«የምትችለው ነገር የለም። አልገደልካቸውም።»

ክንዱ ወደ ብርቱካን ዞረ። ብርቱካን አላየችውም። አዛለችን ነው የምታየው።

«እንግዲያው ምን ገደላቸው? ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ ነው የሞቱት። ቤት ያለው ከረጢት ሁሉ በአንድ ቀን ሞልቶ ታጥቧል፤ ስለዚህ ውሃው የሄደው በዚያ ነው። ከረጢቱን ያሰጣው ሰው እትዬ ብርቱካን አይደሉም፤ እሳቸው ዘቅዝቀው በመቆንጠጫ ነው የሚሰቅሉት። ይህ ሰው አሰቃቀሉን አያውቅም፣ ያሰረውም በጧፍ ፈትል ነው። ኪሱ ውስጥ ጧፍ የማይታጣ ሰው ነው።»

አዛለች የጧፉን ጥቅል አውጥታ መሬት ላይ አኖረች።

«ከመደቡ ሥር ቅል አገኘሁ። ሙሉቀን፣ ምን ነበረበት?»

«ኮሶ። ያውም የወፈረ። ለጤነኛ ሰው እንኳ ከልኩ ሲያልፍ አደገኛ ነው፤ በካንሰር ለተጎዳ ሰውነትማ!»

«ኮሶ ደግሞ ተደብቆ አይሰጥም» ስትል ቀጠለች፤ «ምሬቱን ሳያውቅ የሚጠጣው ሰው የለም። መሪጌታ አውቀው ነው የጠጡት። ‹ሆዴ ባዶ ይሁን› ብለዋል። ልብሳቸው ታጥቧል፣ ጸናጽላቸው ተወልውሏል፣ መቋሚያቸው በሩ ላይ ነው። ሊሞቱ አልነበረም። ሊሄዱ ነበር። ሆዳቸው ጥርግ ብሎ ከጸዳ ከረጢቱ ደርቆ ያድራል፣ ከረጢቱ ከደረቀ ደግሞ አንድ ሌሊት ማኅሌት ይቆማሉ። ይህን ሐሳብ የሚያስብ የደብሩ ሰው ብቻ ነው። ሰዎች ደግሞ ግራ ጌታው ሹመቱን ፈልገው ነው ይሉኛል። እኔም ላምን ነበር። ነገር ግን ሊገድል ያሰበ ሰው፣ ለገደለው ሰው ቦታ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን አያይም።»

ግራ ጌታ ዘካርያስ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልብሱን እኔ ነኝ ያጠብኩት» አሉ። «ዓመት ሙሉ ዛፍ ሥር ቆሞ ሲሰማኝ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ የሱን ክፍል ስጮህበት… አልቻልኩም። ‹አንዲት ሌሊት ብቻ፣ ዘካርያስ› አለኝ። ኮሶውን ወቅጬ አመጣሁ። ከረጢቱ ሲሞላ አጠብኩ፣ ሲሞላ አጠብኩ። ‹ገና አልጠራም፣ ጨምርልኝ› አለ። ደገምኩት። እሱ ለምኖኝ እምቢ ብዬው አላውቅም። በኋላማ ውሃ ብቻ ሆነ፤ ሁለታችንም ደስ አለን። ደወሉ ሲደወል ‹አንተ ቅደም፣ ሲደርቅልኝ በእግሬ እመጣለሁ› አለኝ። ቦታውን ያዝኩለት።» እንባቸው በጢማቸው ወረደ። «ሰው በገባ ቁጥር እሱ መስሎኝ ነበር። እየዘመርኩ ነው የገደልኩት።»

«ለምን ዝም አሉ?» አለች አዛለች። «እኚህን ሴት ደጅ ሲያስወጧቸው ቆመው አዩ።»

«ፈራሁ። ፈሪ ነኝ ልጄ። ሌላ ምን እላለሁ።»

አዛለች ወደ አባ ዓለምነህ ዞረች። «አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መሪጌታ ከረጢቱን ይዘው ማኅሌት ቢገቡ ይከለክሏቸው ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ተንከራተተ።

«ማን ይከለክላቸዋል?» አሉ በመጨረሻ። «ማኅሌት የሚቆመው ቅኔ ማኅሌት እኮ ነው፤ መቅደስ አይደለም። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ነው ቁስሉ የሚያሳስበው። ቢጠይቁኝ ‹ይግቡ› እላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ሕመማቸውን ማንሣት ነውር መሰለኝ፤ አፍረው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው እኔን ፈሩ፣ እኔ እሳቸውን። አንዲት ቃል እኮ ነበረች! አንዲት ቃል…»

ብርቱካን ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ከጧት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ሴቶቹ ሮጠው ከበቧት። ክንዱ እግሯ ላይ ወደቀ። አልረገጠችውም፣ አላነሣችውምም። ቆይቶ ራሱ ተነሣና በርጩማ አምጥቶ ለቅሶተኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት አኖረላት። እሷም ተቀመጠች።

«ቀብሩን ይጨርሱና አብረውኝ ይሄዳሉ» አለቻቸው አዛለች ግራ ጌታውን። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሊገንዙ ሲገቡ ብርቱካን ከበሩ ላይ ተመለሰች። ድምፅዋ ዘግቷል።

«አባ… ፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ… ከረጢቱን ላውልቀው ወይ? እሳቸው ይዘውት መግባት አይወዱም ነበር።»

አባ ዓለምነህ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ተዪው ልጄ። እንዳለ ይግባ» አሉ።

እንዳለ ገቡ፣ መረባቸውም ከረጢታቸውም አብሯቸው። በቀኝ በኩል፣ ሌሊቱን ክፍት ባደረችው ቦታ አሳረፏቸው፤ ግራ ጌታ ዘካርያስ ፊት ለፊት ቆመው በተቆራረጠ ድምፅ ዜማውን ጀመሩ። አዛለች ከቅጽሩ ውጭ ወይራው ሥር ቆማለች። ከሥሩ መሬቱ በሁለት እግር ልክ ሣር አጥቶ ተደልድሏል። ሙሉቀን ሞተሩን አዙሮ መጣ።

«እንሂድ? ግራ ጌታውን ክንዱ ያመጣቸዋል» አላት።

አዛለች ጉንጯን በእጇ ጀርባ ነካችና እርጥበቱን አየችው፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«ትንሽ ቆይ» አለችው። «ገና አሁን መግባታቸው ነው።»